ዝናባችን ፓሪስ ላይ ሲተመን

የአክስቴ ልጅ ወረታ ነው ያደገው። በሒሳብ ተመርቆ ቤት ከተቀመጠ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ሒሳብን እሱ አልመረጠውም። ዲፓርትመንት ሲመደቡ ደውሎ «ማትስ ደረሰኝ» ያለን ቀን ቤቱ ለቅሶ ቤት መስሎ ነበር የዋለው። አክስቴ «ምናለ አካውንቲንግ እንኳ ቢደርሰው» እያለች አንድ ሳምንት ሙሉ ቆዘመች። ያ ልጅ በቀደም ዕለት ደወለና «አንቺ ጋዜጠኛ አይደለሽ? እስቲ አንድ ነገር አጣሪልኝ» አለኝ። እንዳጣራለት የፈለገው ኳንቲታቲቭ ፋይናንስ የሚባለው የማስተርስ ትምህርት መግቢያው ምን እንደሆነ ነው። «መቼም ፋይናንስ ስላልተማርኩ አይቀበሉኝም» ብሎ ደግሞ ራሱ ፈረደ።

ጋዜጠኝነት የተማረ ሰው ከቁጥር ጋር ያለው ዝምድና የታወቀ ነው። (ቁጥር ብንወድ ኖሮ እዚያ ዲፓርትመንት ምን እናደርግ ነበር?) ቢሆንም ማጣራት ሥራዬ ነውና ገባሁበት። ከመስፈርቱ ይልቅ የያዘኝ ግን የመስፈርቱ ታሪክ ነው። ታሪኩ ከፓሪስ ተነስቶ፣ በቺካጎ አልፎ፣ ዞሮ ዞሮ ያ ልጅ ያደገበት የፎገራ ሜዳ ላይ ጣለኝ።

ከስሙ እንጀምር። ኳንቲታቲቭ ፋይናንስ ማለት ነገ የማይታወቅ ሲሆን ዛሬ ዋጋ ማውጣት ነው። ይህንን ለመረዳት ደግሞ ኒውዮርክ መሄድ አያስፈልግም። በበጋ በመስኖ ሽንኩርት የሚተክል የፎገራ ገበሬ ሽንኩርቱ ሲደርስ በኪሎ ስንት እንደሚያወጣለት አያውቅም። ጎረቤቶቹም ሁሉ ሽንኩርት ተክለው ከሆነ ዋጋው አፈር ይበላል። እንግዲህ አንድ ነጋዴ መጥቶ እንዲህ አለው እንበል፦ «ዛሬ ጥቂት ብር ክፈለኝ። ሽንኩርትህ ሲደርስ ገበያው ከወደቀ እኔ በተስማማንበት ዋጋ እገዛሃለሁ፤ ገበያው ከጨመረ ደግሞ ለፈለግኸው ሽጥ፣ አልይዝህም።» ፈረንጆቹ ኦፕሽን የሚሉት ይህንን ነው። ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፤ ያቺ ዛሬ የምትከፈለው «ጥቂት ብር» ስንት ትሁን? ብታንስ ነጋዴው ይከስራል፣ ብትበዛ ገበሬው ጥሎ ይሄዳል። የዓለም ሊቃውንት ይህቺን ጥያቄ በወጉ ለመመለስ ሰባ ዓመት ግድም ፈጅቶባቸዋል።

መጀመሪያ የሞከራት ሉዊ ባሽልየ የሚባል ፈረንሳዊ ነው። አባቱ የወይን ጠጅ ነጋዴ ነበሩ። ልጁ ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላው አባትና እናቱ ተከታትለው ሞቱና ትምህርቱን ትቶ የቤተሰቡን ንግድ መያዝ ግድ ሆነበት። የዘመኑ ጎበዝ ሒሳበኞች ያለፉባቸው ትልልቅ ትምህርት ቤቶች ለእሱ አልደረሱትም። ዘግይቶ ፓሪስ ገባና እ.ኤ.አ. በ1900 (በእኛ 1892፣ ከአድዋ አራት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው) የዶክትሬት ጽሑፉን አቀረበ። ርእሱ «የስፔኩሌሽን ንድፈ ሐሳብ» የሚል ነበር። የፓሪስ የአክሲዮን ገበያ ዋጋ ከደቂቃ ደቂቃ ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ እንደ ሰካራም እርምጃ ነው፤ ቀጣዩን እርምጃ ማንም አያውቀውም፣ ከአንድ ሺህ እርምጃ በኋላ የት አካባቢ ሊገኝ እንደሚችል ግን ማስላት ይቻላል፤ የሐሳቡ ፍሬ ይህ ነው። አንስታይን ተመሳሳዩን ሒሳብ ለአበባ ብናኝ እንቅስቃሴ የተጠቀመበት ከአምስት ዓመት በኋላ ነው።

ፈታኙ ታላቁ አንሪ ፖዋንካሬ ነበሩ። ሥራውን አደነቁ፤ ሆኖም ርእሱ እጩዎች ከለመዱት ራቅ ያለ ነው አሉ። የተሰጠውም ማዕረግ ከፍተኛው አልነበረም፤ በዚያን ጊዜ ከፍተኛውን ያላገኘ ሰው ደግሞ ፓሪስ ውስጥ ወንበር አያገኝም። ሒሳበኞቹ «ይሄ ገበያ ነው» አሉት፤ ገበያተኞቹ ደግሞ ሒሳቡን አያነቡም ነበር። ባሽልየ ቋሚ የፕሮፌሰርነት ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1927 በዛንሶን ከተማ ነው፤ ያኔ ዕድሜው 57 ደርሶ ነበር። ሲሞት፣ በ1946፣ ስሙን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። በ1950ዎቹ አንድ አሜሪካዊ የስታቲስቲክስ ሊቅ ጽሑፉን ከቤተ መጻሕፍት ውስጥ አገኘውና ይህን ሰው የምታውቁት አላችሁ ወይ ብሎ ለወዳጆቹ ፖስት ካርድ ላከ። አንደኛው ካርድ ኢኮኖሚስቱ ፖል ሳሙኤልሰን እጅ ገባ። ከዚያ ወዲያ ነው ነገሩ የተጋጋለው።

በነገራችን ላይ የአቢሲኒያ ባንክ አዲስ አበባ ላይ በ1898 ሥራ ሲጀምር ባሽልየ ጽሑፉን ካቀረበ ገና ስድስት ዓመቱ ነበር። እኔ ሁልጊዜ የሚመስለኝ እኛ ከዓለም መቶ ዓመት ወደኋላ እንደቀረን ነበር። በዚህ ነገር ግን መነሻው ላይ ያን ያህል አልተራራቅንም። የተራራቅነው በኋላ ነው። መቼ እንደሆነ ደግሞ ቀኑን ቆርጦ መናገር ይቻላል።

እ.ኤ.አ. በ1973 ጸደይ ፊሸር ብላክና ማይረን ሾልስ የኦፕሽን ዋጋ ማውጫ ቀመራቸውን አሳተሙ። ሮበርት መርተን በዚያው ዓመት ሒሳቡን አጠናከረው። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ቺካጎ ላይ የኦፕሽን ገበያ በሩን ከፈተ። ልብ በሉ፣ ብላክ ፋይናንስ አልተማረም። የመጀመሪያ ዲግሪው ፊዚክስ፣ ዶክትሬቱ አፕላይድ ማቴማቲክስ ነው። መርተንም ኢኮኖሚክስ ከመግባቱ በፊት የምሕንድስና ሒሳብ የተማረ ሰው ነው። ሒሳቡን መጀመሪያ ይዘው፣ ገበያውን በኋላ የተማሩ ሰዎች ናቸው። የአክስቴ ልጅ «ፋይናንስ ስላልተማርኩ» ሲል የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ በሩ ከመጀመሪያውም የተሠራው በእሱ ዓይነት ሰዎች ቁመት ልክ ነው።

1973 በእኛ 1965 ነው። 1965 ደግሞ ለእኛ ምን እንደሆነ ማንም ያውቃል። ወሎ ላይ ዝናብ ቀረ። መንግሥት ረሃቡን ሸሸገ። ቺካጎ ላይ «ያልታወቀ ነገ» ቀመር ወጥቶለት እንደ ሸቀጥ ሲሸጥ፣ እኛ ዘንድ የታወቀው ነገ ራሱ እንዳይነገር ተደበቀ። በማግስቱ አብዮቱ መጣ። አዲስ አበባ ላይ በብሔራዊ ባንክ ሥር ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አነስተኛ የአክሲዮን መገበያያ ነበረች። ታኅሣሥ 23 ቀን 1967 ባንኮችና ኢንሹራንሶች ሲወረሱ የሚገበያዩበት አክሲዮን ጠፋና እሷም አበቃላት። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በይፋ የተመረቀው ጥር 2 ቀን 2017 ነው። በመካከሉ ያለው ልክ 50 ዓመት ነው።

በእነዚያ 50 ዓመታት ሌላው ዓለም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የኒውዮርክ ባንኮች የፊዚክስ ዶክተሮችን መቅጠር ጀመሩ። ከስመ ጥሮቹ አንዱ ኢማኑኤል ደርማን ኬፕታውን ተወልዶ ያደገ አፍሪካዊ ነው፤ የቅንጣት ፊዚክስ ሲያጠና ቆይቶ በ1985 ጎልድማን ሳክስ ገባ። በ1993 የአሜሪካ ኮንግረስ ቴክሳስ ላይ ሊገነባ የነበረውን ግዙፍ የቅንጣት ማጋጫ ሲሰርዝ ደግሞ ሥራ አጥ የሆኑ ፊዚክሰኞች ወደ ባንኮቹ ጎረፉ። በቀጣዩ ዓመት ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ሥራ ብቻ የታሰበ ማስተርስ ከፈተ። ባንኮቹ ፊዚክሰኛ እስኪባረር ከሚጠብቁ ዩኒቨርሲቲው ራሱ አምርቶ ቢያቀርብላቸው ይሻላል፤ ነገሩ ይኸው ነው። የመግቢያ መስፈርቱም የተጻፈው በዚህ መንፈስ ነው፤ ገበያውን እኛ እናስተምራለን፣ ሒሳቡን ይዛችሁ ኑ።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። በዚህ ታሪክ ውስጥ የኢትዮጵያ ስም በትልቁ የሚነሳበት አንድ ምዕራፍ አለ፤ እኛ ግን ብዙም አናወራውም።

በ1998 የካቲት መጨረሻ የዓለም የምግብ ፕሮግራም መቀመጫው ፓሪስ ከሆነው ከአክሳ ሪ ጋር አንድ ውል መፈራረሙ ተነገረ። አክሳ ሪ የኢንሹራንሶች ኢንሹራንስ፣ ማለትም የጠለፋ መድን ሰጪ ነበር። ውሉ በኢትዮጵያ ዝናብ ላይ የተጻፈ ዴሪቫቲቭ ነው። ዴሪቫቲቭ ማለት ዋጋው ከሌላ ነገር የሚመነጭ ውል ሲሆን እዚህ ላይ «ሌላው ነገር» ዝናባችን ነው። የዓየር ሁኔታ ውሎች ራሳቸው ገና የ9 ዓመት ልጅ ነበሩ፤ የመጀመሪያው አሜሪካ ውስጥ በ1997 (እ.ኤ.አ.) ተፈራርሟል የሚባለው በኢነርጂ ኩባንያዎች መካከል ነው፤ ክረምቱ ሞቅ ብሎ የማሞቂያ ገበያቸው እንዳይቀዘቅዝ። እንዲህ ያለ ውል ለረሃብ እርዳታ ሲውል የኢትዮጵያው የመጀመሪያው ነው።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። በአገሪቱ ካሉ የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያዎች 26 ተመረጡ። ከመጋቢት እስከ ጥቅምት በእነዚህ ጣቢያዎች የሚለካው ዝናብ ከሰብሉ የውኃ ፍላጎት ጋር እየተሰላ አንድ የድርቅ ጠቋሚ ቁጥር ይሠራል። ቁጥሩ ከተቆረጠለት መጠን ካለፈ፣ ድርቅ ነው ማለት ነው፣ ኩባንያው እስከ 7.1 ሚሊዮን ዶላር ይከፍላል። የተከፈለው አረቦን 930 ሺህ ዶላር ነበር፤ አብዛኛውን የከፈለችው አሜሪካ ናት። ማንም ወርዶ ማሳ አያይም፣ ማንም የከሳ ከብት አይቆጥርም። ዝናብ መለኪያው የሚለውን ብቻ ነው። ጥቅሙም እዚያው ላይ ነው፤ ረሃቡ ቴሌቪዥን ላይ እስኪታይ ሳይጠበቅ ገንዘቡ በጥቅምት ሊደርስ ይችላል። 1965ትንና 1977ትን ለሚያውቅ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ለአክስቴ ልጅ ሁለቱን ቁጥሮች በስልክ ብነግረው ካልኩሌተር ሳያወጣ «13 በመቶ ግድም» አለኝ። አዎ፤ 930 ሺህ ለ7.1 ሚሊዮን ሲካፈል 13 በመቶ ነው። ከዚያ ማብራራት ጀመረ። 13 በመቶ ማለት የድርቁ ዕድል ያ ነው ማለት አይደለም። ድርቁ ቀለል ካለ ክፍያውም ያንሳል፣ ኩባንያው ደግሞ ለትርፉና ለስጋቱ ይጨምርበታል። ሲሠራ ያለፉት ብዙ ዓመታት ዝናብ አንድ በአንድ ይወሰድና «ውሉ ያኔ ኖሮ ቢሆን ስንት እንከፍል ነበር?» ተብሎ ይሰላል። መዝገቡ የጎደለበት ዓመት በስታቲስቲክስ ይሞላል። ከዚያ ኮምፒውተር በሺህ የሚቆጠሩ ያልኖሩ ክረምቶችን እየፈጠረ ይሞክራል። ይህንን ሲነግረኝ ለካ ያ «የደረሰው» ትምህርት ይህንን ሁሉ የሚያስችል ነው ብዬ ገረመኝ። እሱ ግን የገረመው ሌላ ነው። «ስለ እኛ ዝናብ ይህን ስሌት የሠራው ማነው?» አለኝ። መዝገቡ የእኛው ሚቲዎሮሎጂ ነው፤ ውሉን በማዘጋጀት ያገዘው የዓለም ባንክ፣ ስጋቱን ተምኖ የገዛው ፓሪስ ነው።

የዚያን ክረምት የሆነውን የፎገራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ዝናቡ አልቀረም፤ ይልቁንም ከልክ በላይ መጣ። ሐምሌ ማብቂያ ላይ ድሬዳዋ በሌሊት ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው አለቀ፤ ነሐሴ ላይ ኦሞ ወንዝ ደቡብ ኦሞን አጥለቀለቀ። እኛ ዘንድ ደግሞ ከጉና ተራራ የሚወርዱት ርብና ጉማራ ከአልጋቸው ወጡ፤ ጣናም ሞልቶ ወደ ኋላ ገፋቸው። ፎገራ፣ ሊቦ ከምከምና ደምቢያ ውኃ ውስጥ ገቡ። እንደ ናበጋና ዋገጠራ ያሉ የሐይቁ ዳር ቀበሌዎች ሰዎቻቸው ከብታቸውን እየነዱ ከፍ ወዳለ መሬት ወጡ። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ተፈናቀሉ፤ የክረምቱ ሰብል ተበላሸ።

ውሉስ? ውሉ አንድ ሳንቲም አልከፈለም። መክፈልም አልነበረበትም፤ የተጻፈው ለድርቅ ነው። በጠቋሚው ዓይን 1998 ጥሩ ዓመት ነበር። 26ቱ ጣቢያዎች በቂ ዝናብ፣ እንዲያውም ከበቂ በላይ ለክተዋል። ማንም አላጭበረበረም፣ ስሌቱም አልተሳሳተም። ስሌቱ የተጠየቀው «ዝናብ ይቀራል ወይ?» ተብሎ ነው፤ «ጉማራ ይሞላል ወይ?» ብሎ የጠየቀው የለም። ማዕድ ላይ ያልተቀመጠ ሰው ጥያቄው አይመዘገብለትም። ውሉ በቀጣዩ ዓመት አልታደሰም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። የዚህ ዓይነቱን ታሪክ ስናነብ ቶሎ የሚቀናን «ፈረንጅ በረሃባችን ቁማር ተጫወተ» ማለት ነው። እኔም መጀመሪያ ብዕሬን ያነሳሁት እንደዚያ ልጽፍ ነበር። ግን አይደለም። 930 ሺህ ዶላር ከፍሎ 7.1 ሚሊዮን የሚያስገኝ ዋስትና መያዝ፣ በ1977 ኖሮ ቢሆን፣ የስንት ሰው ነፍስ ባተረፈ ነበር። የሚቆጨኝ ውሉ መጻፉ ሳይሆን ጻፊዎቹ መካከል ጉማራ ሲሞላ ያየ ሰው አለመኖሩ ነው። የፎገራ ሰው ደግሞ ስጋትን መተመን የማያውቅ ሰው አይደለም።

ሩዙን ተመልከቱ። የዛሬ ሃምሳ ዓመት የፎገራ ሜዳ ክረምት ክረምት ውኃ የሚተኛበት፣ የፎገራ ላሞች የሚግጡበት ሜዳ ነበር። ውኃው ሲሸሽ በእርጥበቱ ሽምብራና ጓያ ይዘራል። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ሩዝ ይዘው መጡ። መጀመሪያ የተሞከረው ፎገራ ውስጥ ሻጋ፣ ደራ ውስጥ ጅግና ላይ በነበሩ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ነው። ማኅበራቱ ከደርግ ጋር ፈረሱ፤ ሩዙ ግን ቀረ። ዛሬም ብዙው ገበሬ የሚዘራው ዝርያ ኤክስ ጅግና ይባላል። የሩዝ ዱቄት ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ሆነ፣ ገለባው ለከብት ሆነ፣ ወረታ የሩዝ መፈልፈያ ከተማ ሆነች። ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም እዚያው ነው። በኳንቶቹ ቋንቋ ብንናገረው፣ ገበሬው ኪሳራ የነበረውን የተኛ ውኃ ወደ ገቢ ለወጠው፤ ክረምቱ በረታ ሲል ጤፉ ቢጎዳ ሩዙ ያካክሳል። ፈረንጆቹ ሄጂንግ ይሉታል። የ1998ቱ ዓይነት ጎርፍ ሲመጣ ግን ሩዝም መጠን አለው፤ ከራስ በላይ የመጣን ውኃ አይችለውም። ያኔ ነው የሌላ ሰው ገንዘብ፣ ማለትም መድን የሚያስፈልገው።

ከ1998 በኋላ ነገሩ አልቆመም። በ2001 ትግራይ ውስጥ አዲሓ ላይ 200 የሚሆኑ የጤፍ ገበሬዎች በዝናብ ጠቋሚ የሚከፍል መድን ገቡ፤ ከአገር ውስጥ የተሳተፈው ኒያላ ኢንሹራንስ ነበር። ብር ያልነበራቸው አረቦኑን በጉልበት፣ የአፈርና ውኃ ጥበቃ ሥራ እየሠሩ ከፈሉ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ቦረና ላይ ደግሞ ሳተላይት የሣሩን ልምላሜ እየለካ ለአርብቶ አደሩ የሚከፍል መድን ተጀመረ። እዚህም እዚያም አንድ ችግር አለ። መለኪያው «ደህና ነው» ሲል ማሳው ጠፍቶ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ልዩነቱን የሚያጠብ ሰው ሒሳቡንም ማሳውንም የሚያውቅ መሆን አለበት።

ሒሳቡን ብቻ የሚያውቅ ሰው ምን እንደሚያደርስ በተቃራኒው አይተናል። መርተንና ሾልስ በ1997 (እ.ኤ.አ.) ኖቤል በተሸለሙ በዓመቱ የነበሩበት የኢንቨስትመንት ድርጅት በወራት ውስጥ 4.6 ቢሊዮን ዶላር ከስሮ በባንኮች ርዳታ ነው የተረፈው። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የዴቪድ ሊ ታሪክ ነው። ቻይና ገጠር አድጎ፣ ካናዳ ውስጥ በስታቲስቲክስ ዶክትሬቱን የሠራ ሰው ነው። ብዙ ተበዳሪዎች በአንድ ጊዜ ዕዳቸውን መክፈል ሊያቅታቸው የሚችልበትን ዕድል የሚያሰላ ቀመር በ2000 (እ.ኤ.አ.) አሳተመ። ባንኮቹ ቀመሩን ለማያውቁት የቤት ብድር ሁሉ ተጠቀሙበትና የ2008ቱ ቀውስ ሲመጣ ስሙ ከጥፋቱ ጋር ተነሳ። እሱ ግን ቀውሱ ሳይመጣ ገና በ2005 ቀመሩን በትክክል የሚረዱት ሰዎች ጥቂት መሆናቸውን ለጋዜጣ ተናግሮ ነበር።

እንግዲህ መስፈርቱ። ውጭ ያሉት ዩኒቨርሲቲዎች በዝርዝር ቢለያዩም የሚጠይቁት ነገር አጥንቱ አንድ ነው። ካልኩለስ እስከ ብዙ ተለዋዋጭ ድረስ፣ ሊኒየር አልጀብራ፣ ዲፈረንሺያል ኢኩዌሽን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ፕሮባቢሊቲና ስታቲስቲክስ በጥሩ ውጤት። ቀጥሎ ፕሮግራሚንግ፤ ድሮ ሲ ፕላስ ፕላስ ነበር፣ አሁን ፓይተን ይቀድማል። የመጀመሪያ ዲግሪው ሒሳብ፣ ስታቲስቲክስ፣ ፊዚክስ፣ ምሕንድስና ወይም ኮምፒውተር ሳይንስ ቢሆን ግድ የለም። እንዲያውም አካውንቲንግ ብቻ የተማረ ሰው ሒሳቡን አሟላ ተብሎ የሚመለስበት ጊዜ ብዙ ነው። (አክስቴ ይህንን ብትሰማ!) የእንግሊዝኛ ፈተና አለ፤ ብዙ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ጂአርኢም ይጠይቃሉ። ከዚያ የገንዘቡ ነገር ይመጣል፤ የአሜሪካዎቹ ክፍያ በአሥር ሺዎች ዶላር ነው የሚቆጠረው፣ እሱን ዝም ብለን እንለፈው።

ለእኛ የሚቀርበው መንገድ ሌላ ነው። ኬፕታውን አጠገብ ሙይዘንበርግ ላይ እ.ኤ.አ. በ2003 የተከፈተውና በኋላ ሴኔጋል፣ ጋና፣ ካሜሩንና ሩዋንዳ የደረሰው የአፍሪካ የማቴማቲካል ሳይንስ ኢንስቲትዩት ከአፍሪካ አገሮች ተማሪ እየመረጠ ሙሉ ወጪውን ችሎ ማስተርስ ያስተምራል። ስሙ ፋይናንስ አይልም፤ ግን የሚሰጠው መሠረት ያው ነው፣ የፋይናንስ ሒሳብ የሚያጠኑም አሉበት። አገር ውስጥ ደግሞ ከ2016 ወዲህ ድኅረ ምረቃ ለመግባት አገር አቀፉን የመግቢያ ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። በሒሳብም ሆነ በስታቲስቲክስ የሚሠራ ማስተርስ እንደ መሸጋገሪያ ያገለግላል።

ግን ይህ ሁሉ የሚጀምረው 11ኛና 12ኛ ክፍል ላይ ነው። ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ የአክስቴ ልጅ ታናሽ እኅት ፕሮባቢሊቲ መማር በነበረባት ዓመት የተማረችው ሽንኩርት መልቀም ነው። መስፈርቱን የሚጽፉት ሰዎች ማመልከቻ ላይ ለዚህ ቦታ አልተዉለትም። ትራንስክሪፕት ላይ ያለው ውጤት እንጂ የጠፋው ዓመት አይታይም። እስከዚያው ድረስ ጥያቄው አገር ውስጥም እየመጣ ነው፤ አክሲዮን እየተሸጠ ነው፣ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ ነው የሚወሰነው፣ የውጭ ባንኮች እንዲገቡም በሕግ ተፈቅዷል። እነሱ ሲመጡ ስጋት የሚተምን ሰው ይዘው ይመጣሉ ወይስ እዚሁ ያገኛሉ?

ይህንን ሁሉ ሰብስቤ ደወልኩለት። ትራንስክሪፕቱን አውጥቶ ጮክ ብሎ አነበበልኝ። ካልኩለስ ሦስቱም ጥሩ ነው። ሊኒየር አልጀብራ ኤ ነው። ፕሮባቢሊቲ ቢ ፕላስ፤ «እሱን ወባ ይዞኝ ነው የተፈተንኩት» አለ። (የፎገራ ልጅ ሰበቡ ወባ ነው፤ እውነትም ሊሆን ይችላል።) የጎደለው ፕሮግራሚንግ ነው። ዩኒቨርሲቲ እያለ አንድ ኮርስ ወስዷል፤ ለስድስት አንድ ኮምፒውተር ስለነበር ግን እሱ ብዙውን ጊዜ የሚያየው የሌላውን ሰው ጀርባ ነበር።

«ፋይናንሱስ?» አለኝ አሁንም።

«እሱን አይጠይቁህም።»

ትንሽ ዝም አለና «ያ ውል ላይ የወንዝ ከፍታም ቢገባ ኖሮ አረቦኑ ስንት ይሆን ነበር?» አለ። ለዚህ የርብንና የጉማራን የብዙ ዓመት ልኬት ማግኘት እንዳለበት ራሱ ነገረኝ፤ ማንን እንደሚጠይቅም አስቧል። አሁን ፓይተን ከስልኩ ላይ እየተማረ ነው። ኔትወርክ ሲኖር።